ቀዩን ፍሬ የቀረጽኩ ዕለት

የቤቱ እመቤት ነጭ አንሶላ ከሳጥን አውጥታ በጭቃው ግድግዳ ላይ በሁለት ሚስማር ወጠረችልኝ። ፕሮጀክተሩን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ አስቀመጥኩ፤ መብራቱን ከጎረቤት በማራዘሚያ ሳብን። ከጅማ ከተማ ብዙም የማይርቅ የገጠር ቀበሌ ነው። መሽቷል፣ ቡና ተፈልቷል፣ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ከነልጆቻቸው ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። ስለ ቡና ፍሬ በሽታ የሠራሁትን የ7 ደቂቃ ፊልም ላሳያቸው ነው። ከዚያ በፊት ፊልሙን ያዩት የቢሮ ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አጨብጭበውልኛል።

ጀመረ። ጭጋጉ ከጥላ ዛፎቹ መሀል ሲገፈፍ፣ ለቃሚዎች ቅርጫት ይዘው ሲወርዱ፣ ከዚያ የምኮራበት ሾት መጣ። ማክሮ ሌንስ ተውሼ የቀረጽኩት አንድ ፍሬ ነው፤ ደም የመሰለ ቀይ፣ በጎኑ ጥቁር ጠባሳ ሰርጉዶ፣ ከጠባሳው ዳር የጠዋት ጤዛ ተንጠልጥሎ። ለዚያች ጤዛ ስል ሁለት ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቻለሁ። ተራኪው እዚያ ላይ «ይህ በሽታ የገበሬውን የዓመት ልፋት በሳምንታት ውስጥ መና ያስቀራል» ይላል።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ግን ምንም አላሉም። ፊልሙ አልቆ ሰዉ ሲመርቀኝ፣ እሳቸው ቡናቸውን ጨርሰው ስኒውን ካስቀመጡ በኋላ «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው። ከዚያ በአማርኛ ቀጠሉ። «ሥራሽ ያምራል። ግን ያሳየሽን ነገር እኛን የጨረሰን በሽታ አይደለም። የኛው አረንጓዴውን ነው የሚበላ። ቀይ እስኪሆን መች ይታገሣል?»

ግቢው ዝም አለ። ሌሎቹም ገና ሲያዩት አውቀውታል፤ እንግዳ ላለማሳፈር ብለው ነው የተዉት። «አባቴ፣ እውነትዎን ነው?» አልኳቸው፤ ሌላ የምለው አጥቼ። እሳቸውም እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ሊወስዱኝ ተነሱ፤ ጨለማ መሆኑ ትዝ ሲላቸው «ነገ በቀን ነይ» ብለው ተቀመጡ።

ማታውኑ ጅማ፣ መንቲና ሰፈር ወደ ተከራየሁት ክፍል ተመልሼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ጥሬ ቀረጻው ሁሉ ሃርድ ዲስክ ላይ አለ። የተመራማሪውን ቃለ ምልልስ ከመጀመሪያው ሰማሁት። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ጥርት አድርጎ ተናግሮታል፤ በሽታው የሚያጠቃው በማደግ ላይ ያለውን አረንጓዴ ፍሬ ነው፣ በበሰለ ፍሬ ላይ የሚታየው ተመሳሳይ ጠባሳ ግን ከዚያው ወገን የሆነ የሌላ ፈንገስ ሥራ ነው፣ ጉዳቱም ቀላል ነው ይላል። እዚያው ላይ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ይዞ ያልፋል። ድምፁ ተበላሽቷል ብዬ ያንን ክፍል የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

መኪናው ግን ሰበብ ነው። እውነቱን ልናገር ካልኩ አረንጓዴ ፍሬ በአረንጓዴ ቅጠል መሀል ለካሜራ አይመችም፤ ከጀርባው አይለይም፣ ጠባሳውም ቡናማ ስለሆነ ደብዝዞ ይቀራል። ቀዩ ያምራል። ስላማረኝ ቀረጽኩት፣ ስለቀረጽኩት እውነት መሰለኝ።

ስክሪፕቱን ተመራማሪው አይቶት ነበር። ሦስት ቦታ በቀይ እስክሪብቶ አርሞ፣ አንዲት «ሁልጊዜ» የምትል ቃል «ብዙ ጊዜ» አስብሎ መልሶልኛል። በቃላቱ ውስጥ አንድም ስህተት አልነበረም። ስህተቱ ሥዕሉ ላይ ነበር፤ ሥዕሉን ደግሞ ማንም አላየልኝም። በዚህ ሥራ እስካሁን ያየሁት ትልቁ ክፍተት ይህ ነው። የሚያዙንም የሚያርሙንም ሰዎች በጽሑፍ የተማሩ ናቸውና ወረቀቱን በአጉሊ መነጽር ያያሉ፤ ምስሉን ማስዋቢያ አድርገው ለእኛ ይተዉታል። ፊደል ላልቆጠረ ወይም ድምፁ በደንብ ለማይሰማው ተመልካች ግን ምስሉ ራሱ ነው ንግግሩ። እኚያ አዛውንት የተራኪውን አማርኛ ምናልባት ግማሹን ነው የሰሙት። ፍሬውን ግን አይተውታል።

ወደዚህ ሥራ የመጣሁት በሰርግ በኩል ነው። በጅማ ብዙ ቤተሰቦች በሙሽራዋ ጓዳ ወንድ ካሜራማን እንዲገባ አይወዱም፤ ሴት ስትቀርጽ ነው ደስ የሚላቸው። እኔም ካሜራ መያዝ ከቻልኩበት ጊዜ ጀምሮ ከሰርግ ሰርግ ስዞር ቆየሁ። ሂና ስትቀባ፣ እናት ስታለቅስ፣ ሚዜዎች ሲጨፍሩ። አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበረች፣ ከሰርጓ ሁለት ወር በኋላ ደውላ «እህቴ፣ የመመረቂያ ጥናቴን በሦስት ደቂቃ ቪዲዮ አሳዩ ብለውናል፤ ትሠሪልኛለሽ?» አለችኝ። ጥናቷ ስለ ወባ ትንኝ ዕጭ ነበር። በሰርጓ ቀን ያላየሁትን ደስታ ፊቷ ላይ ያየሁት የዚያን ዕለት ነው፤ ረግረግ ሳር መሀል ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብታ ጭልፋ ከውሃው ስታወጣ።

ያንን ጭልፋ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ቀርጬዋለሁ። ውስጡ ነጭ ነው፤ ዕጮቹ ጎልተው እንዲታዩ። ካሜራውን ከላይ ቀጥ አድርገሽ ካየሽ ሁሉም ዕጭ ጭረት ነው የሚመስል። ከጎን፣ በውሃው ልክ ዝቅ ብለሽ ካየሽ ግን ልዩነቱ ይገለጣል፤ የወባ አስተላላፊዋ የአኖፊለስ ዕጭ በውሃው ገጽ ላይ ጋደም ብላ ትንሳፈፋለች፣ ኩሌክስ የምትባለው የሌላዋ ትንኝ ዕጭ ደግሞ ጅራቷን ከላይ አድርጋ፣ በጅራቷ ባለው መተንፈሻ ተንጠልጥላ ትወርዳለች። ተማሪዋ ይህን ስትነግረኝ ሆዴ ጭቃው ላይ ነበር። ሌንሱን የት እንደማስቀምጥ ያስተማረችኝ እሷ ናት። በየትኛው በኩል ቢቆሙ ነገሩ እንደሚገለጥ የሚያውቀው ዕድሜውን በሙሉ ሲያየው የኖረ ሰው ነው፤ ያንን ሰው ሳልጠይቅ ትራይፖዴን መትከል ትቻለሁ።

ከተማችን ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት። በ1952 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የግብርና ኮሌጅና በ1983 የተከፈተው የጤና ሳይንስ ተቋም በ1999 ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ፣ ከዚያም በፊት ቢሆን፣ ተማሪ መንደር ወርዶ መሥራት የተለመደ ነው። 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ሲሉ ደግሞ መልኮ አለ፤ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡና ሲመረመርበት የኖረ የግብርና ምርምር ማዕከል። ፈረንጅ አራዳ ሰፈር አንድ ማኪያቶ እስክትጠጪ ድረስ ወይ የአፈር፣ ወይ የትንኝ፣ ወይ የቡና ተመራማሪ አጠገብሽ ይቀመጣል። የጎደለው የሚያውቀውን ከእሱ ተቀብሎ ለመንደሩ የሚያደርስ ነው። ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ አልልም። ፕሮፎርማ፣ ደረሰኝ፣ «ቀብዱን በሚቀጥለው ሳምንት»፤ በዚህ ሥራ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። የቤት ኪራዬን ዛሬም የሚከፍልልኝ ሰርግ ነው።

በማግስቱ ወደ አዛውንቱ ጓሮ ሄድኩ። የቡና ዛፎቻቸው መልካቸው ሁለት ዓይነት ነው። አብዛኞቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተተከሉ ምርጥ ዘር ናቸው። በስተጥግ ግን አንድ ግንዱ የሸበተ ያረጀ ዛፍ አለ፤ አባታቸው የተከሉት። በየዓመቱ ይታመማል። ለምን አይነቅሉትም ብላቸው «ሲተርፍለት የሚሰጠው ቡና እንደሱ የሚጣፍጥ የለም» አሉኝ። ወቅቱ አልፎ ስለነበር የታመመ አረንጓዴ ፍሬ አላገኘሁም። ከቅርንጫፉ ላይ ግን ያለፈው ክረምት የገደላቸው ፍሬዎች ጥቁር ሆነው፣ ደርቀው፣ እንደተጣበቁ ቀርተዋል። አንዱን ቀንጥሰው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። የፍየል በጠጥ ነው የሚመስል፤ ቀላል፣ ጨምዳዳ፣ ሲጨብጡት ዱቄት የሚሆን። «ልጅ ሆኜ አባቴ ከዚህ ሥር ቆሞ ዝም ብሎ መሬቱን ሲያይ ትዝ ይለኛል» አሉ። «መሬቱ በዚህ ተሸፍኖ ነበር።»

በሽታው ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ መርጨት ለደሃ ገበሬ የሚቻል ስላልነበረ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ያዙ፤ በሽታው ባጠቃቸው አካባቢዎችና ደኖች እየዞሩ፣ ሁሉም ዛፍ በታመመበት መሀል ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ መፈለግ ጀመሩ። ካገኙት ዛፍ ፍሬ ወስደው፣ ችግኝ አፍልተው፣ ሆን ብለው በሽታውን እየረጩበት ፈተኑት። ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚያውቃቸው ዝርያዎች ከዚያ የመጡ ናቸው። 74110 ሲባል 74ቱ 1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛፉ የተመረጠበት ዓመት። እናት ዛፉ ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ ነው። ይህን ቁጥር ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ስልክ ቁጥር ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳየው አንድ ሰው ጭቃ ላይ እየተራመደ ዛፍ በዛፍ ቀና እያለ ሲያይ ይታየኛል።

ይህን ታሪክ ፊልሙ ውስጥ ስከተው የጠየቅኩት ነገር ቢኖር ያ ፍለጋ ራሱ እንዲታይ ነው። ብዙዎቹ የሳይንስ ፊልሞቻችን ከመልሱ ይጀምራሉ። ነጭ ጋዋን፣ ሰማያዊ ጓንት፣ ቱቦ ውስጥ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ፣ ከዚያ «ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት»። እንዴት እንዳረጋገጡ የለም። ተመልካቹ እንዲያምን ነው የሚጠየቀው እንጂ እንዲያይ አይደለም።

የላቦራቶሪዋን ባለሙያ እዚህ ላይ ሳላነሳ አላልፍም። ስለ ወባ ምርመራ ፊልም ስሠራ ሁለት ቀን አጠገቧ ተቀመጥኩ። የታካሚ ፊት አልቀረጽኩም፤ እጇንና ማይክሮስኮፑን ብቻ። የመጀመሪያው ቀን ቀረጻ በሙሉ ተበላሸብኝ፤ ከላይ ያለው መብራት በቪዲዮው ላይ ጥቁር መስመር እየሆነ ሲንሸራተት ወጣ። ለጀማሪ የሚጠቅም ስለሆነ ልንገራችሁ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይፈካል ይደበዝዛል። ዓይናችን አይለየውም፤ ካሜራው ግን ይለየዋል። ካሜራውን በሰከንድ 25 ፍሬም ላይ አድርጋችሁ፣ ሸተሩን 1/50 ወይም 1/100 ካደረጋችሁት መስመሩ ይጠፋል።

በሁለተኛው ቀን የደም ናሙናው በጊምሳ ቀለም ሐምራዊ ሆኖ፣ ዘይት ጠብ ተደርጎበት፣ 1,000 ጊዜ አጉልቶ በሚያሳየው ሌንስ ሥር ገባ። እነሱ ስላይዱን «ብለድ ፊልም» ነው የሚሉት፤ ስለዚህ «ፊልሙ ደረቀ?» ሲባባሉ ሁለቴ ዞር ብያለሁ። የዚያ ታካሚ ደም ውስጥ ጥገኛው አልተገኘም። ያልተገኘ መሆኑን ለመወሰን ግን ባለሙያዋ ስላይዱን በጣቷ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ እየገፋች፣ ክብ በክብ፣ ቢያንስ 100 እይታ ማየት አለባት። አንድ ብታገኝ እዚያው ያበቃል፤ «አለ» ማለት ነው። «የለም» ለማለት ነው መቶ ጊዜ የሚታየው። ከንፈሯ እየቆጠረ ይንቀሳቀሳል። ግራ እጇ ጥራቱን ያስተካክላል፣ ቀኝ እጇ ይገፋል። ከመቶው ስትደርስ ትከሻዋ ወደ ታች ወረደ፣ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች፣ ውጤቱን ጻፈች፣ ቀጣዩን አነሳች። የዚያን ቀን ጠረጴዛዋ ላይ የተደረደረው ስላይድ ከሠላሳ በላይ ነበር።

ያንን እጅ 40 ሰከንድ ያለ ትረካ ተውኩት። ያሠራኝ ክፍል «ይረዝማል፣ ሰው ይሰለቻል፣ ሦስት ሰከንድ ይበቃል» አለ። ተከራከርኩ። በመጨረሻ 20 ላይ ተስማማን። ያ ፊልም በአንድ ጤና ጣቢያ ሲታይ አንዲት እናት «እኔኮ ዝም ብለው ቁጭ ብለው የሚያስጠብቁን ይመስለኝ ነበር» አለች። ሃያዋን ሰከንድ ያዳንኩላት ለሷ ነው።

ሁሉም ክርክር እንዲህ አላለቀም። አንድ ተቋም ስለ ቡና ችግኝ ፊልም አሠርቶኝ ነበር። ተመራማሪዋ በቃለ ምልልሱ ላይ አንድ ዝርያ በአንድ ከፍታ ላይ ጥሩ ስለሆነ ብቻ በሌላው ላይም እንዲሁ ይሆናል ማለት እንደማይቻል፣ ለአንዳንድ ቦታዎች ውጤቱ ገና እየተጠና እንደሆነ ተናገረች። ድምጿ የተረጋጋ ነበር፤ ለገበሬው የሚያስፈልገው ዋና ነገርም ያ ነበር። «ይህን አውጪው፤ ጥርጣሬ ያሳድራል» ተባልኩ። ለሁለት ሳምንት ያህል ደብዳቤ ተጻጻፍን። ቀሪው ክፍያ በእጃቸው ነው፣ የክፍሉ ኪራይ ደርሷል። አወጣሁት። ክፍያው ራሱ ከዚያ በኋላ አምስት ወር ቆየ። ተመራማሪዋ ፊልሙን አይታ አልተቆጣችኝም፤ «ያቺ ዐረፍተ ነገር ብትኖር ይሻል ነበር» ብቻ አለችኝ። ሙሉው ቅጂ ዛሬም ሃርድ ዲስኬ ላይ አለ፣ እሱን ስከፍት ደረቴ ይከብደኛል።

ያኔ ያልገባቸው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ የምናውቀው ነገር ይለወጣል። ወባ የረግረግና የገጠር ነገር ነው እያልን ስንት ፊልም ሠርተናል። በ2016 እ.ኤ.አ. በሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሀር ላይ፣ ከእስያ የመጣች አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ ተገኘች። እሷ ከተማ ትወዳለች፣ በሮቶና በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። የቀድሞውን ፊልም «ይህ ነው፣ በቃ» ብሎ ያየ ሰው አዲሱን ሲሰማ «ትናንት ውሸታችሁን ነበር ማለት ነው» ቢል ይፈረድበታል? ትናንት እንዴት እንዳወቅን አይቶ ቢሆን ኖሮ ግን ዛሬ ለምን እንደተጨመረ ይገባዋል።

ስለ ቋንቋው ብዙ መጻፍ እችላለሁ፤ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ፊልሞቼን የማስበው በአማርኛ ነው። በጅማ ዙሪያ ላለው ገበሬ ግን የልቡ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ስለዚህ ከቀዩ ፍሬ በኋላ ሁለቱን ትረካ እኩል ነው የማዘጋጀው፣ የኋለኛው የፊተኛው ትርጉም ሳይሆን። «ፈንገስ» የሚለውን ቃል ማንም አያየውም። እንጀራ ላይ የሚወጣውን ሻጋታ ግን የማያውቅ እናት የለችም። ተመራማሪው «ሁሉም ፈንገስ ሻጋታ አይደለም» ብሎ ተከራከረኝ፣ እኔም ልክ ነህ አልኩት፣ «የሻጋታ ወገን» ላይ ታረቅን።

ሁለተኛው የክሮሞዞሙ ነገር ነው። የዱር ቡና ዘመዶች 22 ክሮሞዞም ሲኖራቸው የኛው አረቢካ 44 አለው፤ ምክንያቱም ከረጅም ዘመን በፊት ሁለት የተለያዩ የቡና ዝርያዎች ተዳቅለው የተወለደ ነው። እንዴት ይነገራል? ሰርግ ቀራጭነቴ እዚህ ጠቀመኝ። ልጅ ከአባቱ ግማሽ፣ ከእናቱ ግማሽ ይወስዳል። ይህ ልጅ ግን የሁለቱን ቤት ንብረት ሳያካፍል ሙሉ በሙሉ ወረሰ፤ 22 ከዚያ፣ 22 ከዚህ። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ ሳቁና «ለዚህ ነው እንዲህ የጠገበ» አሉ። ተመራማሪው ደግሞ ወረቀቱ ላይ አንድም ቀይ መስመር አላሰመረም።

እዚህ ላይ ሳይንቲስቱን አክሊሉ ለማን ሳስብ እኖራለሁ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ አካባቢ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዚያ አስተላላፊ ናቸው። እንዶድ ሸማ እንደሚያነጣ ኢትዮጵያዊት ሁሉ ታውቃለች፤ ወንዙን ተከትሎ ትንሽ ወደ ታች ያየው ግን እሱ ነው። ከባልደረባው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። ቀረጻ ላይ ስወጣ፣ የተነገረኝን ነገር ከያዝኩ በኋላ ካሜራዬን ትንሽ ወደ ታች፣ ትንሽ ወደ ጎን የማዞረው ለዚህ ነው።

ቀዩን ፍሬ አወጣሁት። በቀጣዩ ክረምት አዛውንቱ ጓሮ፣ ከአሮጌው ዛፍ ሥር፣ በላስቲክ ተጠልዬ አራት ቀን ተቀመጥኩ። ይህ በሽታ የሚዛመተው በዝናብ ነው፤ ጠብታው የታመመውን ፍሬ ሲመታው የፈንገሱን ዘር በውሃ አንስቶ ወደ ሌላው ይረጨዋል። ያንን ምት ነበር የፈለግኩት። ስልኬን 240 ፍሬም ላይ አድርጌ፣ ከፍሬው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ፣ ከጀርባው ጥቁር ነጠላ ዘርግቼ፤ አረንጓዴው ከአረንጓዴው የተለየው በዚያ ጨርቅ ነው። መፍትሔው ይህን ያህል ቀላል ነበር። አሥር ጊዜ ያህል ዘግይቶ ሲታይ ጠብታው ጠባሳው ላይ ያርፍና እንደ ዘውድ ይከፈታል፣ ከዘውዱ ጫፍ ጥቃቅን እንክብሎች ይፈነጠራሉ፣ አንዷ ከሥር ያለውን ጤነኛ ፍሬ ጉንጩ ላይ ትመታዋለች። አዛውንቱ በስልኩ መስታወት ላይ ሦስቴ አስደግመው አዩት። ከዚያ ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ፣ ከሥር ያለውን ቅርንጫፍ በጣታቸው እየነኩ «ለካ እንዲህ ነው ከላይ ወደ ታች የሚወርደው» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለዛፉ።

አሁን ከሚያሠራኝ ሁሉ ጋር ስዋዋል ሁለት ነገር አስገባለሁ። ተመራማሪው ስክሪፕቱን ብቻ ሳይሆን የተቆራረጠውን ምስል፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ ማየት አለበት። ከዚያ በፊት ደግሞ ነገሩ በቤቱ ያለ ሰው ማየት አለበት። ይህን የማይቀበል ካለ ሰርግ አለ።

አንድ የቀረኝ ሾት አለ። የቡና እንቡጥ በበጋው ተኝቶ ይቆያል፤ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲመታው ይነቃል፣ ነጭ ጧፍ መስሎ ይረዝማል፣ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ባለው ቀን ውስጥ ማሳው በአንድ ጊዜ ይፈካል። ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚቆይ። በየሁለት ደቂቃው አንድ ፎቶ ለሦስት ቀን ባነሳ 2,160 ፎቶ ይሆናል፤ በ25 ፍሬም 86 ሰከንድ። ለሌሊቱ ትንሽ መብራት፣ ለካሜራው ትልቅ ባትሪ፣ ለነፋሱ ቅርንጫፉን የሚይዝ የቀርከሃ ደጋፊ አዘጋጅቻለሁ። ባለፈው ዓመት ዝናቡን ከተማ ውስጥ ሆኜ ነው የቆጠርኩት። የከተማው ዝናብና የሳቸው ጓሮ ዝናብ ግን አንድ አልነበረም። ስደርስ አበባው ቡናማ ሆኖ መሬት ላይ ተነጥፏል፤ ሽታው ብቻ ነበር የቀረው።

ትናንት ማታ አልጋ ውስጥ ገብቼ ስልኬ ጠራ። አዛውንቱ ናቸው። በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ውሃ ድምፃቸውን ሊውጠው ነው፣ ይጮኻሉ።

«ልጄ! ዘንቧል፤ እኛ ጋ ደህና አድርጎ ዘንቧል። መቁጠር ጀምሪ!»

ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ። መንቲና ደረቅ ነው። ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ 1 ብዬ ጻፍኩና ባትሪዎቹን ሶኬት ላይ ሰካሁ።